የቃል ዘር ቆጣሪዎች

በኅብረታችን የጸሎት ጊዜ አንድ ወንድም «ዋቃዮ» ብሎ ሲጮኽ ዐይናችሁን ገልጣችሁ የምትተያዩ አላችሁ። ጸሎቱ ካለቀ በኋላ በር ላይ ቆማችሁ፣ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ፣ «ይህ ስም እኮ ከድሮው ባዕድ አምልኮ የመጣ ነው፤ ለጌታ መዋል አልነበረበትም» የምትሉም አላችሁ። ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። በክፋት እንደማትሉት አውቃለሁ፤ ለጌታ ስም ቀንታችሁ ነው። ግን ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች ሲጽፍ ዕውቀት የጎደለው ቅናት እንዳለም ነግሮናል። ስለዚህ የበር ላይ ሹክሹክታውን እንተወውና በግልጽ እንከራከር።

ፉሪ ላይ ይህ የቤተ መጻሕፍት ጥያቄ አይደለም። ከጀሞ ወዲህ በምትመጡበት ታክሲ ረዳቱ በአንዱ ቋንቋ ሒሳብ ተቀብሎ በሌላው መልስ ይሰጣል። ወፍጮ ቤት ወረፋ ላይ የሚያወሩ ሁለት እናቶች አማርኛና አፋን ኦሮሞን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይቀላቅላሉ፤ ማንም ልብ አይልም። ቤተ ክርስቲያን ስንገባ ግን ልብ እንላለን። ሰንበት ጠዋት በአንዱ ቋንቋ፣ ረፋዱ ላይ በሌላው የሚመለክበት አዳራሽ እናውቃለን፤ በሁለቱም ፕሮግራም የምትገኝ፣ በሁለቱም የምትዘምር እህትም አለችን። «ዋቃ የጣዖት ስም ነው» ስትሏት ስለ አንድ ቃል ብቻ የተናገራችሁ ይመስላችኋል። እርሷ የምትሰማው ግን «እናትሽ ተንበርክካ ስትጸልይልሽ የኖረችው ለሌላ አምላክ ነው» የሚል ነው። ይህን ያህል ከባድ ነገር የሚናገር ሰው ማስረጃው መፈተን አለበት።

ማስረጃችሁ አንድ ነው፤ እርሱም የቃሉ መነሻ ነው። ቃሉ የተወለደበት ቤት ርኩስ ከሆነ ቃሉም ርኩስ ነው፤ አያቱ ጣዖት ካመለከ የልጅ ልጁም ተጠርጣሪ ነው ትላላችሁ። ይህ በሰው ላይ ሲደረግ ዘር ቆጠራ እንለዋለን፤ ከመድረክም እንቃወመዋለን። በቃል ላይ ሲደረግ ግን «ጥልቅ መገለጥ» ተብሎ ይጨበጨብለታል።

እሺ፣ እንቁጠር። ግን ከራሳችን ቤት እንጀምር።

ያገባች እህታችን ስለ ባሏ ስታወራ «ባለቤቴ» ትላለች። ሱቅ ያለውን ባለሱቅ፣ ሙያ ያለውን ባለሙያ፣ ባጃጅ የሚነዳውን ባለባጃጅ እንላለን። ይህ «ባለ» የሚለው ቃል ከግዕዝ የወረደ ነው፤ ግዕዙ «በዓለ ቤት» ሲል የቤቱ ጌታ፣ የቤቱ አዛዥ ማለቱ ነው። «ባል» የሚለውም ከዚያው ነው። የዚህ ቃል የዕብራይስጥ ወንድም ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? በኣል ነው። አዎ፣ ኤልያስ በቀርሜሎስ ተራራ ላይ ነቢያቱን የተጋፈጣቸው ያው በኣል። ዕብራይስጡም እንደ ግዕዙ ጌታ፣ ባለቤት፣ ባል ማለት ነው፤ ከነዓናውያን ዝናብ ያዘንባል ለሚሉት አምላካቸው መጠሪያ አደረጉት። እንግዲህ መነሻ የሚፈርድ ከሆነ እህታችን «ባለቤቴ» ባለች ቁጥር ንስሐ ልትገባ ነው። ባለባጃጁስ ምን ይሁን?

ነገሩ ይህ ብቻ አይደለም። ዳዊት ፍልስጥኤማውያንን ድል ባደረገ ጊዜ ቦታውን በኣልፐራሲም ብሎ ሰየመው፤ የሰበረለትን እግዚአብሔርን ሊያከብርበት ነው። በ2ኛ ሳሙኤል 5 ታገኙታላችሁ። ይህን ክፍል ይዞ «የመስበር ጌታ!» እያለ አዳራሽ ያላሞቀ ወጣት ሰባኪ በመካከላችን ካለ ይንገረኝ። ያው ሰባኪ በሚቀጥለው ሳምንት ዋቃን ይከስሳል። በዳዊት አፍ በኣል የሚለው ቃል ለእስራኤል አምላክ ሲውል አሜን ብለን፣ በወንድማችን አፍ ዋቃ የሚለው ሲሰማ የምንደነግጠው በየትኛው ሕግ ነው?

«ታዲያ ሆሴዕስ?» የሚል አይጠፋም። ጥሩ ጥያቄ ነው። በሆሴዕ ምዕራፍ 2 እግዚአብሔር ሕዝቡን ከእንግዲህ በኣሌ ብለው እንዳይጠሩት፣ ባሌ ብለው እንዲጠሩት ይናገራል። ግን ምክንያቱን ተመልከቱ። በዚያ ዘመን ሰዉ አንድ እግሩን በእግዚአብሔር ቤት፣ አንድ እግሩን በበኣል መስገጃ አድርጎ ነበር፤ ቃሉን ሲጠራ ማንን እየጠራ እንደሆነ መለየት ጠፍቶ ነበር። ቃሉ የተወሰደባቸው በዚያ ቀን ይጠቀሙበት ስለነበረው ነገር ነው። መነሻው በዳዊት ዘመንም፣ በሆሴዕ ዘመንም፣ በእኛ ባለሱቅም ዘመን አንድ ነው። የተለያየው የተናጋሪው ልብና የሰሚው ጆሮ ነው። ስለዚህ ሆሴዕ ለእኔ ይመሰክራል፤ ለእናንተ አይደለም።

አሁን ወደ ከበደው እንምጣ። «እግዚአብሔር» የምንለው ስም ራሱ ከሁለት የግዕዝ ቃላት የተሠራ ነው። «እግዚእ» ጌታ ነው፤ «ብሔር» አገር፣ ምድር ነው። የምድር ሁሉ ጌታ ማለት ነው፤ ድንቅ ስም ነው። ግን «ብሔር» የሚለው ቃል ከዚያ ወዲህ የት የት እንደዞረ ተመልከቱ። ብሔራዊ ባንክ፣ ብሔራዊ ቴአትር ስንል የአገር ማለታችን ነው፤ ግዕዙን አልራቀም። ከ1960ዎቹ የተማሪዎች እንቅስቃሴ ወዲህ ግን «የብሔር ጥያቄ» መጣ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ከመጣ በኋላማ ብሔር፣ ብሔረሰብ የሚለው አጠራር የየቀኑ ንግግራችን ሆነ። በቀበሌ መታወቂያ ላይ «ብሔር» የሚል መስመር ያየ ወጣት ቃሉን ሲሰማ ምድርንና ዓለምን አያስብም። እንግዲህ ቃል በቃል እየተረጎመ የሚሄድ አንድ የውጭ አገር ተማሪ መዝገበ ቃላት ይዞ ቢመጣና «እናንተ የምታመልኩት የአንድን ብሔር ጌታ ነው፤ ስሙ ራሱ ይናገራል» ቢላችሁ ምን ትመልሱለታላችሁ? «ወንድሜ፣ እኛ እንዲህ ማለታችን አይደለም» ትሉታላችሁ። ትክክል ናችሁ። ለራሳችሁ የምትጠይቁትን ይህን ፍርድ ለአፋን ኦሮሞ ተናጋሪውም ስጡት።

ዋቃ በአፋን ኦሮሞ ፈጣሪ ማለት ነው፤ በተለመደው ንግግር ሰማይም ማለት ነው። ቃሉ በሶማልኛም አለ፤ በኬንያና በሶማሊያ ድንበር ላይ ያለችው ኤልዋቅ የተባለች ከተማ ስሟ «የዋቅ ጉድጓድ» ማለት ነው። «አያችሁ፣ ሰማይን ነው የሚያመልኩት!» የሚል ሰው ሰምቻለሁ። እርሱ ሉቃስ 15ን አላነበበ ይሆናል። የጠፋው ልጅ ወደ አባቱ ሲመለስ በሰማይ ላይ በደልሁ ይላል፤ በደመናው ላይ በደልሁ ማለቱ እንዳልሆነ የሰንበት ትምህርት ልጅ እንኳን ይገባዋል። ማቴዎስም ሌሎቹ ወንጌላት የእግዚአብሔር መንግሥት የሚሉትን አብዛኛውን ጊዜ መንግሥተ ሰማያት ይለዋል። አይሁድ ሰማይ ብለው እግዚአብሔርን ሲጠሩ ማክበራቸው ነበር።

«ግን ከወንጌል በፊት የነበረ ስም ነው» ትላላችሁ። ከወንጌል በፊት ያልነበረ ስም የትኛው ነው? ዕብራይስጡ «ኤል» የእስራኤልን አምላክ ይጠራል፤ እስራኤል በሚለው ስም ውስጥም አለ። በሶርያ ባሕር ዳርቻ ራስ ሻምራ በምትባል ስፍራ ከ1929 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተገኙት የኡጋሪት የሸክላ ጽላቶች ግን ኤል የከነዓናውያን አማልክት አለቃ ስም እንደነበረም አሳይተዋል። አብርሃም የሳሌሙ ንጉሥ መልከ ጼዴቅ በኤል ኤልዮን፣ በልዑል አምላክ ስም ሲባርከው ስሙን አልጣለም፤ ልዑል የምትለው እርሱ ያህዌ ነው ብሎ ተቀበለው። አዲስ ኪዳን የተጻፈበት የግሪኩ «ቴኦስ» ዜውስንም አፖሎንም ሲያገለግል የኖረ ቃል ነው። እንግሊዝኛው «ጎድ» የጀርመን ነገዶች ወንጌል ሳይደርሳቸው አማልክታቸውን ይጠሩበት የነበረ ቃል ነው። ስልካችሁ ላይ የእንግሊዝኛ መዝሙር ከፍታችሁ ዐይናችሁን ጨፍናችሁ እጃችሁን ስታነሡ ይህ ቆርቁሯችሁ ያውቃል? አያውቅም። የሩቁ ቋንቋ ይቅርታ አግኝቷል፤ የቅርቡ ነው የተከሰሰው። ለምን እንደሆነ እያንዳንዱ ከራሱ ጋር ይነጋገር።

ጳውሎስ በአቴና ያደረገውን ደግሞ አስታውሱ። ለማይታወቅ አምላክ የተሠራውን መሠዊያ መነሻ አድርጎ ሰበከ፤ ከዚያም ከግሪክ ባለቅኔ አንድ ስንኝ ጠቀሰ። ያ ስንኝ በአራጦስ ግጥም ውስጥ የተጻፈው ስለ ዜውስ ነው። ጳውሎስ ይህን አላወቀም ይሆን? የተማረ ሰው ነው፤ ሰሚዎቹም ያውቁት ነበር። እርሱ ግን ስለምን እየተናገረ እንደሆነ ግልጽ አደረገ፤ ፍጥረትን ሁሉ ስለፈጠረው፣ በሰው እጅ በተሠራ ቤት ስለማይኖረው፣ ከሙታን ስላስነሣው ተናገረ። ቃሉን በትምህርት ሞላው።

ለአፋን ኦሮሞም ይህ የተሠራው ዛሬ አይደለም። ኢሉባቦር አካባቢ የተወለደው፣ በልጅነቱ ለባርነት የተሸጠው፣ በ1870 እ.ኤ.አ. ምፅዋ ላይ ነፃ የወጣው ኦኔሲሞስ ነሲብ ሙሉውን መጽሐፍ ቅዱስ ወደ አፋን ኦሮሞ ተርጉሞ በ1899 እ.ኤ.አ. በስዊዘርላንድ አሳተመው፤ ፊደሉም የግዕዝ ፊደል ነበር። አብራው የሠራችው አስቴር ጋኖ እርሷም ከባርነት ነፃ የወጣች ወጣት ነበረች፤ ቃላቱን ከእናቷ ቋንቋ ማኅደር እየቀዳች ታቀርብለት ነበር። እነዚህ ሰዎች ቤታቸውን፣ ስማቸውን፣ አገራቸውን ተቀምተው ወንጌልን ያገኙ ናቸው፤ ለወገናቸው ሲጽፉ የፈጣሪን ስም ዋቃዮ ብለው ጻፉ። ከእናንተ ይልቅ ጌታን ያልወደዱ ይመስላችኋል?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም፤ የምወደው ነገር ስላለ። የኦኔሲሞስ የትውልድ ስም ሂካ ነበር። በአፋን ኦሮሞ «ሂኩ» መፍታት ነው፤ የታሰረውን መፍታትም፣ ቃልን መተርጎምም። አማርኛችንም እንዲሁ ነው። እስረኛ ይፈታል፣ ሕልም ይፈታል፣ እንቆቅልሽ ይፈታል፤ የቃልን ትርጉም «ፍቺ» እንላለን። ትዳር ሲፈርስም ፍቺ ነው። የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት መሪው «የዚህን ቃል ፍቺ ማን ያውቃል?» ሲል ግን ስለ ትዳር ፍርድ ቤት የሚያስብ የለም፤ ጉባኤው ራሱ ትርጉሙን ይመርጥልናል። ከባርነት የተፈታው ሂካ ቃልን ፈቺ ሆነ። ኦኔሲሞስ የሚለውን ስም ደግሞ ከፊልሞና መልእክት አገኘው፤ በግሪኩ ጠቃሚ ማለት ነው፤ ጳውሎስ ራሱ በዚያ መልእክት በዚህ ትርጉም ይጫወትበታል።

አማርኛ ተናጋሪ ሆኖ በዚህ ነገር የሚኮራ ካለ ደግሞ የራሱን ታሪክ ይይ። አማርኛ ራሱ ለረጅም ዘመን የቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ቋንቋ አልነበረም፤ ያ ክብር የግዕዝ ነበር። አቡ ሩሚ የተባለው ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ካይሮ ተቀምጦ ዓመታት የፈጀበት ትርጉም ተጠናቆ ሙሉ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ የታተመው በ1840 እ.ኤ.አ. ነው። በታሪክ ሚዛን ትናንት ማለት ነው። ትናንት የገባ እንግዳ ዛሬ በር ላይ ቆሞ ሌላውን አትገባም ሊል አይገባውም።

ከአገር ውጭም አንድ ነገር ልጨምር። በማሌዥያ የካቶሊኮች ጋዜጣ የሆነው «ሄራልድ» በማሌ ቋንቋ እግዚአብሔርን «አላህ» ብሎ እንዳይጽፍ ተከልክሎ ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ2009 እ.ኤ.አ. ፍርድ ቤቱ ፈቀደለት፤ በ2013 የይግባኙ ፍርድ ቤት ሻረው። የግብፅና የሊባኖስ ክርስቲያኖች ግን በዐረብኛ መጽሐፍ ቅዱሳቸው ይህንኑ ቃል ሲያነቡ ኖረዋል። ማሌዥያ ውስጥ ክርስቲያኑን «ይህ ቃል ያንተ አይደለም» ያለው መንግሥት ነው። እኛ ጋ ግን ክርስቲያኑ ነው ክርስቲያኑን የሚከለክለው፤ ያውም ፍርድ ቤት ሳይደርስ፣ በር ላይ።

አሁን ይህ በሽታ ከየት መጣ እንበል። እንደ እኔ እምነት ከመድረካችን ነው የመጣው። ወጣቱ አገልጋይ ማይክሮፎኑን ጨብጦ «ይህ ቃል በግሪኩ…» ሲል አዳራሹ ጸጥ ይላል። ከዚያ በኋላ የሚለውን ሁሉ እንቀበላለን፤ ግሪክ የሚያውቅ በመካከላችን ስለሌለ። ሮሜ 1ን ከፍቶ፣ ኃይል የሚለው ቃል ዱናሚስ ነው፣ ዲናሚት የመጣው ከእርሱ ነው፣ ስለዚህ ወንጌል ፈንጂ ነው ይለናል። ዲናሚትን አልፍሬድ ኖቤል የሠራው በ1867 እ.ኤ.አ. ነው። ጳውሎስ ከ1,800 ዓመት በኋላ በሚወጣ ፈንጂ ሊያስብ አይችልም፤ ኖቤል ነው ከግሪኩ ቃል የተበደረው። በማቴዎስ 25 ጌታው ለባሮቹ መክሊት ሲሰጥ ለእያንዳንዱ እንደ ዓቅሙ ሰጠ ሲል የገባው ቃል ያው ዱናሚስ ነው። ለእያንዳንዱ እንደ ዲናሚቱ ሰጠው እንበል?

ፍቅርም እንዲሁ ተጎድቷል። አጋፔ የእግዚአብሔር ፍቅር፣ ፊሊያ የወዳጅ ፍቅር እየተባለ በአራት ተከፍሎ በሰሌዳ ይጻፋል። ይህን የጻፈ ሰው የብሉይ ኪዳኑን የግሪክ ትርጉም አላየም። አምኖን እህቱን ትዕማርን ሲመኛት፣ በኋላም ሊያዋርዳት፣ የግሪኩ ትርጉም የሚጠቀመው አጋፔ የተባለውን ቃል ነው። ዴማስ የአሁኑን ዓለም ወድዶ ጳውሎስን ትቶት ሲሄድም ግሡ ያው ነው። ዮሐንስ ደግሞ አብ ወልድን ይወዳል ሲል በምዕራፍ 3 አንዱን ግሥ፣ በምዕራፍ 5 ሌላውን ይጠቀማል። የእግዚአብሔር ፍቅር ልዩ ነው፤ ልዩ ያደረገው ግን መስቀሉ ነው፤ የግሪክ መዝገበ ቃላት አይደለም።

«አባ»ስ? ጌታ በጌቴሴማኒ አባ ብሎ ጸለየ፤ ይህ የሕፃን ቋንቋ ነው፣ «አባዬ» ማለት ነው ተብሎ ስንት ጊዜ ተሰብኮልናል። ይህ ሐሳብ የተሰራጨው ዮአኪም ኤሬሚያስ በተባለ ጀርመናዊ ምሁር ሥራ ላይ ተመሥርቶ ነው። ጄምስ ባር የተባለው ስኮትላንዳዊ የብሉይ ኪዳን ምሁር በ1988 እ.ኤ.አ. አዋቂዎችም የሚናገሩት ቃል እንደነበረ አሳየ፤ ወንጌላዊውም ቃሉን ሲተረጉመው አባት በሚለው የተለመደ የግሪክ ቃል ነው። ይኸው ባር በ1961 ያወጣው መጽሐፍ ለእኔ ከብዙ ስብከት በላይ ጠቅሞኛል፤ ቃልን ከዓረፍተ ነገሩ ነጥሎ በሥሩ መተርጎም እንዴት እንደሚያሳስት በብዙ ምሳሌ ያሳያል።

ደግሞስ አባ በፉሪ ስንት ነው! በአማርኛ መነኩሴ ሲጠራ አባ እገሌ ነው። በአፋን ኦሮሞ አባት ነው፤ ባለቤትም ነው። የቤት አባ፣ የመሬት አባ፣ የሕግ አባ አለ፤ አባ ገዳ የሚለውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ ሲባሉ መነኩሴ ስለሆኑ አይደለም፤ ነፍሶ ፈረሳቸው ነው፤ የነፍሶ ጌታ ማለት ነው። አፄ ቴዎድሮስም አባ ታጠቅ ናቸው። አማርኛ አንዱን ድምፅ ይዞ ሁለቱን ትርጉም ያስኬዳል፤ ታሪክ ስናነብ ማንም አይሳሳትም። እነዚህ ቃላት ስለሚመሳሰሉ ብቻ ዘመድ ናቸው ማለትም አይቻልም፤ ሕፃናት አፋቸውን ሲፈቱ የሚያወጡት ድምፅ በየአገሩ ይቀራረባል። በጆርጂያ ቋንቋ «ማማ» ማለት አባት ነው፤ እናት «ዴዳ» ናት። የማርቆስ ወንጌል የጌታን የመስቀል ጩኸት ሲጽፍ «ላማ» የሚል ቃል አለው፤ ለምን ማለት ነው። አፋን ኦሮሞ ተናጋሪው ልጅ «ላማ» ሲባል ሁለት ነው የሚሰማው። ያም ሆኖ ጌታ በመስቀል ላይ ቁጥር ቆጠረ ያለ ሰባኪ እስካሁን አልሰማሁም፤ ተመስገን።

በእኛ ላይ የተለጠፈውን ስምም እንይ። ጴንጤ ይሉናል። በግሪኩ ጴንጤ አምስት ነው፤ ጴንጤቆስጤ ኀምሳኛው ቀን ነው። ሉተራዊ የሆነው የመካነ ኢየሱስ ምእመን፣ መጥምቁ፣ ከሜኖናይቶች ሥር የመጣው የመሠረተ ክርስቶስ ምእመን በአገራችን ሁሉም ጴንጤ ነው፤ በሌላው ዓለም እንዲህ ተብለው አይጠሩም። በደርግ ዘመን ስሙ ሰው ያሳስር ነበር፤ ዛሬ ራሳችን እየሳቅን እንጠራበታለን። መነሻው አልተለወጠም፤ አጠቃቀሙ ተለወጠ። ያ ኀምሳኛው ቀን ደግሞ ምን የሆነበት ቀን ነበር? ከየአገሩ የመጣው ሰው እያንዳንዱ በተወለደበት ቋንቋ የእግዚአብሔርን ታላቅ ሥራ የሰማበት ቀን ነው። መንፈስ ቅዱስ ጳርቴውን ወይም ዐረቡን «ያንተ ቋንቋ የድሮ አምላክህ ሽታ አለበትና መጀመሪያ ዕብራይስጥ ተማር» አላለውም።

አንድ ተቃውሞ ይቀራል፤ እርሱን ሳልነካ ባልፍ ፍትሐዊ አልሆንም። «ሁሉም ቃል ይሁን ከተባለ የድሮው እምነት በጓሮ በር አይገባም ወይ?» ትላላችሁ። ሊገባ ይችላል። አያና የሚለውን ቃል ውሰዱ። በጥንቱ የኦሮሞ እምነት አያና መንፈስ ነው፤ በዓልም አያና ይባላል፤ በአፋን ኦሮሞ መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ ጸጋ የምንለው አያና ነው። አዲስ አማኝ ቃሉን ሲሰማ የትኛውን እንደሚሰማ ማስተማር ያስፈልጋል፤ ይህን ሥራ የሚሠሩ የቋንቋው መጋቢዎችና አስተማሪዎች አሉ፤ ከእናንተ ይልቅ ያውቁበታል። ደግሞም ሥራው በአማርኛም አለ። ጸጋ በአማርኛ ሀብትም ነው። ሀብታሙን ባለጸጋ እንለዋለን፤ በአንድ ቃል ውስጥ የበኣልን ዘመድና የጳውሎስን ጸጋ አጣምረን ለነጋዴ ሰጠነው ማለት ነው! «ጸጋ በዝቶልኛል» የሚል መስካሪ ስለ ገንዘቡ ይሁን ስለ ኃጢአት ስርየት የሚናገረው እስክንሰማው አናውቅም፤ እውነት ለመናገር አንዳንዴ ከሰማነውም በኋላ አናውቅም። ይህን አደጋ ግን ከዋቃና ከአያና እኩል ፈርታችሁት አታውቁም።

ስለዚህ አንድ ነገር ላቅርብ፤ ለኅብረት መሪዎችም ጭምር። በሚቀጥለው የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ሮሜ 5ን በሁለቱም ቋንቋ ይዛችሁ ኑ። አንዱ በአማርኛ ያንብብ፣ አንዷ በአፋን ኦሮሞ። ጸጋ ያለበት ጋ ስትደርሱ ቁሙና አያና ስትል ምን እንደምትሰማ ጠይቋት። እግዚአብሔር ያለበት ጋ ስትደርሱ ዋቃዮ ስትል ማንን እንደምትጠራ፣ ምን እንዳደረገላት ጠይቋት፤ እስክትጨርስም ዝም በሉ። ከዚያ እርሷም እናንተን ትጠይቅ፤ «ባለቤቴ» የሚለውን ጭምር። መልሷን ከሰማችሁ በኋላ አሁንም የምትቃወሙት ነገር ካለ በር ላይ አታስቀሩት። እዚያው ጥናቱ ላይ፣ እርሷ እየሰማች፣ ጥቅሳችሁን ከፍታችሁ ተናገሩት።